ሲሲውን የጠየቀ ገዢ ካቴናውንም ይጠይቅ

በጎንደር ከተማም ሆነ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ በሳንጃ ገበያ ሞተር ሳይክል ወይም ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት ሊገዛ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «ስንት ሲሲ ነው?» የሚል ነው። ቀጥሎ ዋጋው ይመጣል። ደላላውም የገዢውን ጆሮ ያውቃልና የሚያሞካሸው የሞተሩን ጉልበትና የቀለሙን ማማር ነው። የሞተሩ ኃይል ጎማው ዘንድ የሚደርሰው በምን በኩል እንደሆነ፣ ማለትም በካቴና፣ በቺንጋ፣ ዘይት ውስጥ በተነከረ ማርሽ ወይስ በቀጥታ ከሞዞው፣ አጣርቶ የሚገዛው ጥቂት ነው።

ገዢው ከሚያስበው በላይ ገንዘብ የሚፈሰው ግን በዚህ መንገድ ነው። ሞተሩ በወጉ ከተያዘ ዓመታት ይሠራል። ካቴናው፣ ኮሮናው፣ ፍሪሲዮኑና ኩሽኔታው ግን በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት ያልቃሉ። ይህ እልቂት በደረሰኝ አይመጣም፤ በየቀኑም አይታይም። ስለዚህ ባለንብረቱ ዕለት ዕለት የሚያገኘውን ገቢ ሁሉ ትርፍ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚያ አንድ ቀን በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ካቴናው መንገድ ላይ ሲበጠስ፣ ትርፍ ያለው ገንዘብ የንብረቱ ዋጋ ተቆርሶ የተከፈለው እንደነበር ይገባዋል።

ስለዚህ የማስተላለፊያ ምርጫ ለመካኒክ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ዋነኛ የንግድ ጥያቄ ነው። በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ጥያቄው ከብዷል። ከዚያ ቀን በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ካቴናና ኮሮና ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ቀድሞ በቸልታ የሚታለፈው እልቂት ዛሬ የሚከፈለው በዚህ ዋጋ ነው።

መሬቱ ምን ይጠይቃል?

አንድ ዕቃ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው ከማለት በፊት የት ሊሠራ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት መሬት የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ተራ የቤንዚን ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ኃይል ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ሻጩ በወረቀት ላይ የሚያሳየው የፈረስ ጉልበት በጎንደር ዳገት ላይ የለም። ጎደሎውን ማካካስ የሚችለው ማርሹ ብቻ ነው።

ሳንጃ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። የታች አርማጭሆ ወረዳ ማዕከል ስትሆን ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ በሚበቅልበት ሞቃት ቆላ ላይ ትገኛለች። እዚያ ሞተሩ አየር ይጠግባል፤ ጉልበቱም ይመለሳል። ነገር ግን በበጋ አቧራው፣ በክረምት የዋልካው ጭቃ ይጠብቀዋል። ከዋናው መንገድ ተነጥሎ ወደ እርሻው የሚገባ ሞተር ካቴናው ዘይት እንደተቀባ አቧራ ይጠጣል። ዘይትና አሸዋ ሲቀላቀሉ ደግሞ ማለስለሻ መሆኑ ይቀርና ሞረድ ይሆናል። በእያንዳንዱ ዙር ሚስማሩንና ቀለበቱን ይሞርዳል።

በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ቁልቁለት የራሱ ጣጣ አለው። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን ፍሬን አድርጎ መውረድ የታወቀ ጥበብ ነው። ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ ለሚጠጣ ባለሁለት ምት ሞተር ግን ይህ አደጋ አለው። ጋዙ ተዘግቶ ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር ቤንዚን አይገባም፤ ቤንዚን ካልገባ ዘይትም የለም። ፒስተኑ በደረቁ ይፋጫል። ዳገቱን በሰላም የወጣ ሞተር ቁልቁለት ላይ የሚነክሰው በዚህ ምክንያት ነው። ባለአራት ምት ሞተር ዘይቱ ለብቻው ስለሚዞር ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ድካሙ አይጠፋም፣ ቦታ ይቀይራል

በገበያው ላይ ያሉት አማራጮች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ሻጮች እያንዳንዱን «ችግር የለበትም» እያሉ ያቀርቡታል። እውነቱ ግን ሁሉም የራሱ ችግር አለበት። የሚለያዩት እልቂቱ የት ላይ እንደሚያርፍና ማን እንደሚከፍለው ነው።

የመጀመሪያው ግልጥ ካቴና ነው። አብዛኛው የህንድና የቻይና ሞተር ሳይክል የሚጠቀመው ይህንን ነው። ርካሽ ነው፣ ኃይል አያባክንም፣ ሲበጠስ በመጋጠሚያ ቀለበት ተጠግኖ ቤት ያደርሳል። ጥፋቱ ለአቧራና ለጭቃ የተጋለጠ መሆኑና ካልተጠበቀ ቶሎ ማለቁ ነው።

ሁለተኛው በዘይት ውስጥ የተዘጋ ማርሽና ዘንግ ነው። የባጃጅ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አራት ወደፊት አንድ ወደ ኋላ የሚሄድ ማርሽ አለው፤ ኃይሉም ያለ ካቴና ወደ ኋላ ጎማዎች ይደርሳል። አቧራ አይነካውም። ነገር ግን ዘይቱ በወቅቱ ካልተቀየረና አሽከርካሪው ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን እያንሸራተተ ከነዳው ጥገናው ካምቢዮ እስከማውረድ ይደርሳል። ካቴና የሚጠይቀው ትንሽ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ነው። የተዘጋ ማርሽ የሚጠይቀው ብዙ ገንዘብ አንድ ጊዜ ነው። ለዚያ ቀን ገንዘብ ያላስቀመጠ ባለንብረት ተሽከርካሪውን በሩ ላይ ያቆማል።

ሦስተኛው ማርሽ ሳይቀየር ራሱ የሚያስተካክለው ባለቺንጋ ስኩተር ነው። ለሴትም ለሽማግሌም ይመቻል፤ በሜዳ ከተማ ያምርበታል። ዳገት ላይ ጭኖ ሲወጣ ግን ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ያልቃል። የቺንጋው መጠን ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይም አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ሳንጃ ላይ ቺንጋው የተበጠሰበት ሰው ትክክለኛው ልክ ከሌላ ከተማ እስኪመጣለት ይጠብቃል።

አራተኛው ሞተሩ ጎማው መሃል፣ ሞዞው ውስጥ የተቀበረበት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። ካቴናው ለፔዳል ብቻ ስለሚያገለግል አያልቅም ማለት ይቻላል። እልቂቱ ወደ ራጂው፣ ወደ ቸርኬው፣ በሞዞው ውስጥ ወዳሉት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶችና ወደ ባትሪው ይዛወራል።

የውጭው ዓለምም በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ተመላልሷል። ፈረንሳዮች ከ1946 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ያመረቱት ቬሎሶሌክስ ካቴናን አስወግዶ በፊት ጎማ ላይ በሚጫን ሮለር ይነዳ ነበር። ቀላልና ርካሽ ስለነበር በሚሊዮኖች ተሸጧል። በዝናብ ግን ሮለሩ ይንሸራተታል፤ ጎማውንም ይበላል። የካቴናው እልቂት ወደ ጎማው ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ጃፓኖች ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. ሆንዳ ሱፐር ከብን አወጡ። ፍሪሲዮን በእጅ መያዝ እንዳያስፈልገው፣ ምግብ አመላላሹ በአንድ እጁ ትሪ ይዞ በሌላው እንዲነዳ ተብሎ የታሰበ ነበር። ካቴናውንም በሙሉ ሽፋን ውስጥ አስገቡት። ይህ ዓይነት ሞተር እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ካቴናውን ሳያስወግዱ አቧራውን ብቻ መከልከል ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ መማር ይቻላል። የሚያስገርመው፣ በአቧራማው ቆላ የሚሸጡት ሞተሮች አብዛኞቹ ካቴናቸው ግልጥ ሆኖ፣ ያለቻቸውንም ግማሽ ሽፋን ባለቤቶቹ «ያንኳኳል» ብለው ፈትተው ሲጥሏት መታየቱ ነው።

በብስክሌት ላይ የሚገጠመው ሞተር

በተራ ብስክሌት ላይ የሚገጠመው የቻይና ባለሁለት ምት ሞተር ጉዳዩን በግልጥ ያሳያል። ሻጮች 80 ሲሲ እያሉ የሚጠሩት አብዛኛው በትክክል ሲለካ 66 ሲሲ ያህል ነው። ማርሽ የለውም፤ ያለው ፍጥነት አንድ ብቻ ነው። በሞተሩ ውስጥ ዙሩ 4.1 ጊዜ ይቀነሳል። ከዚያ 10 ጥርስ ካለው የፊት ኮሮና ወደ 44 ጥርሱ የኋላ ኮሮና ሲሄድ እንደገና 4.4 ጊዜ ይቀነሳል። በጠቅላላው ሞተሩ 18 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 4,500 ዙር ቢዞር ባለ26 ኢንች ጎማው በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ይህ ልክ የተሰላው ለሜዳ ነው። ዳገት ለሚበዛበት ከተማ የኋላውን ኮሮና ወደ 50 ጥርስ ማሳደግ የመግፋት ኃይሉን 14 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ፍጥነቱም ወደ 27 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። አንዳንዱ ግን የኋላው ውድ ነው ብሎ የፊቱን ከ10 ወደ 9 ጥርስ ይቀንሳል። ውጤቱ ሲታይ ይቀራረባል፤ ዋጋውም ያንሳል። ነገር ግን የፊቱ ኮሮና ባነሰ ቁጥር ካቴናው በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ አጥብቆ ይታጠፋል። በ10 ጥርስ 36 ዲግሪ የሚታጠፈው በ9 ጥርስ 40 ዲግሪ ይታጠፋል። ሸክሙም በጥቂት ጥርሶች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በኮሮናው ዋጋ የተቆጠበው ገንዘብ በካቴናው ዕድሜ ተመልሶ ይከፈላል።

ሌላም ነገር አለ። የዚህ ሞተር የኋላ ኮሮና በአብዛኛው የሚታሰረው በራጂዎቹ ላይ በጎማና በብረት ተጣብቆ ነው። ራጂ የተሠራው የሰውን ክብደት እንዲሸከም ነው እንጂ የሞተርን ጉተታ እንዲቀበል አይደለም። ጥቂት ሲላላ ኮሮናው ይዋዥቃል፤ ካቴናው ይዘላል፤ ሲዘል ደግሞ ጎማው ውስጥ ገብቶ ይቆልፋል። ይህ ከገንዘብም አልፎ የሕይወት አደጋ ነው። ኮሮናውን በሞዞው ላይ የሚያስር መያዣ የገዛ ሰው ትርፍ ወጪ አወጣ አይባልም።

የካቴና ሂሳብ

ለሥራ የሚውል የአንድ ሞተር ሳይክልን ሂሳብ እንመልከት። አኃዞቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ስለሆኑ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ገበያ ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። ካቴናና ሁለቱ ኮሮናዎች በአንድነት 3,000 ብር፣ ካቴናው ብቻውን 1,200 ብር ነው እንበል። ሞተሩ በቀን 80 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ይሠራል፤ በጠቅላላው 24,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ካቴናውን የማይጠርግና የማይቀባ ባለንብረት በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ሁሉንም በአንድነት ይቀይራል እንበል። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ 9,000 ብር ይሆንበታል። በኪሎ ሜትር 37 ሣንቲም ተኩል ነው። በየ500 ኪሎ ሜትሩ 25 ብር አውጥቶ የሚያጸዳና የሚቀባ ሰው ደግሞ በዓመት 48 ጊዜ 1,200 ብር ያወጣል። ካቴናው 12,000፣ ኮሮናዎቹ 24,000 ኪሎ ሜትር ቢቆዩለት አንድ ሙሉ ቅያሪና አንድ ተጨማሪ ካቴና፣ ማለትም 4,200 ብር ይከፍላል። ድምሩ 5,400 ብር፣ በኪሎ ሜትር 22 ሣንቲም ተኩል ነው። ልዩነቱ በዓመት 3,600 ብር ይሆናል።

ይህ ገና ሥራ የፈታበት ቀን ሳይታሰብ ነው። ካቴና የሚበጠሰው ባለቤቱ በመረጠው ቀን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጭነት በበዛበት፣ መንገድ በከፋበት ቀን ይበጠሳል፤ ያ ቀን ደግሞ ገቢው ከሌላው ቀን የሚበልጥበት ነው። በሳንጃ አካባቢ የሰሊጥ ሥራ ሲደራ አንድ ቀን መቅረት ከተራው ወቅት ብዙ ቀን ሊበልጥ ይችላል። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው ለነገር ብቻ የተባለ አይደለም፤ ለካቴናም ይሠራል።

ካቴናው ያለቀ መሆኑን ለማወቅም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የብስክሌት ካቴናም ሆነ በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ያለው 428 ቁጥር ካቴና ከሚስማር እስከ ሚስማር ግማሽ ኢንች ወይም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። 24 ቀለበት ቆጥሮ በብረት ማስመሪያ ሲለካ አዲሱ 304.8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በብስክሌት ካቴና 308 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ አንድ በመቶ ረዝሟል፤ መቀየር አለበት። ለሞተር ሳይክል ወሰኑን አምራቹ በመመሪያው ላይ ይጽፈዋል። ከወሰኑ ያለፈ ካቴና ለብቻው አይሞትም። የረዘመው ቀለበት የኮሮናውን ጥርስ ጫፍ እየገፋ እንደ ውሻ ክራንቻ ያሾለዋል። ከዚያ አዲስ ካቴና በአሮጌ ኮሮና ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ አሮጌው ኮሮና አዲሱን ካቴና በአጭር ጊዜ ያረጀዋል።

የማይታይ ጉድለትና የአሮጌ ሞተር ገበያ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሻጩ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዢው ካላወቀ ገበያው ራሱ እንደሚበላሽ አሳይቷል። ገዢው ሁሉንም በጥርጣሬ ስለሚያይ አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። በገበያው የሚቀረው መጥፎው ይሆናል። ለዚህ ሥራው በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የአሮጌ ሞተር ገበያ የዚህ ሕግ ምሳሌ ነው። ሻጩ ሞተሩን ያሳጥባል፣ መቀመጫውን ያለብሳል፣ ካቴናውን በጥቁር ዘይት ያርሰዋል። ዘይቱ የደረቀውን ድምፅ ይደብቃል። ገዢውም ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ሰምቶ ይከፍላል። ካቴናውን በደንብ የያዘውም ያልያዘውም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። እንግዲያው ካቴናውን መንከባከብ ለማን ብሎ? ገበያው ጥንቃቄን ካልከፈለ ጥንቃቄ ይጠፋል።

ይህን መለወጥ የሚችለው ደላላው ነው። ደላላ ጉድለት ከሚደብቅ ይልቅ በማስመሪያ ለክቶ «ይህ ካቴና ግማሽ ዕድሜ ይቀረዋል፣ ኮሮናው ጤነኛ ነው» ብሎ ቢናገር በሁለተኛው ገበያ የሚታመን ስም ያገኛል። የታመነ ደላላ ኮሚሽኑን አያጣም። አበዳሪዎችም ቢሆኑ፣ የቀድሞው አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የዛሬው ጸደይ ባንክም ሆነ ሌሎቹ፣ ሞተር ወይም ባጃጅ በዋስትና ሲይዙ የስሪት ዘመኑን ብቻ ሳይሆን የማስተላለፊያውን ይዞታ ቢያስመረምሩ የሚይዙት ዋስትና ዋጋው የታወቀ ይሆናል።

ኤሌክትሪኩ መጥቷል፤ ለየትኛው ዳገት?

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የነጋዴው ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። ከዚያ ቀደም በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የቀረጥና የታክስ ማበረታቻ ተሰጥቷል፤ በዚያው ዓመት ማብቂያም የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ጀምሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። አቅጣጫው ግልጥ ነው። ባለሁለት እግሩም ወደዚያው መሄዱ አይቀርም።

ለጎንደር አንድ መልካም ዜና አለ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም። ይሁን እንጂ አስመጪው ለቻይና ሜዳ ከተማ የተሠራውን ብስክሌት በዋጋው ርካሽነት ብቻ መርጦ ቢያመጣ ገዢውንም ራሱንም ይጎዳል። አንድ ሰው፣ ብስክሌቱና ጭነቱ በአንድነት 150 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር የሚነሳ ዳገት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሊወጡ ቢፈልጉ 550 ዋት ያህል ያስፈልጋል። 250 ወይም 350 ዋት የተባለው የሞዞ ሞተር ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ለፈጣን ዙር የተሠራ ሞተር ተጨንቆ ቀስ ብሎ ሲዞር ደግሞ ከባትሪው የሚወጣው ኃይል ጥቂት የማይባለው ክፍል ወደ ሙቀት ይለወጣል። የመዳብ ጥቅሉና የፕላስቲክ ጥርሶቹ የሚጎዱት ያኔ ነው።

መፍትሔው ሞተሩ ፔዳሉ አጠገብ ሆኖ ኃይሉን በማርሽ የሚያስተላልፍ ብስክሌት ነው። ዳገት ላይ ማርሹ ሲቀነስ ሞተሩ እንደልቡ ይዞራል። ግን እዚህ ላይ የካቴናው ጣጣ ይመለሳል። የሰው እግር ብቻ እንዲጎትተው የተሠራ ቀጭን ካቴና የሞተርንም ኃይል ይሸከማልና ከተራው ብስክሌት ይልቅ ፈጥኖ ያልቃል። ለጎንደር ዳገት ይህ ይሻላል፤ ለሳንጃ ሜዳና አቧራ ደግሞ ኃይሉ በቂ የሆነ የሞዞ ሞተር ይመረጣል፣ ባትሪው ከቆላው ፀሐይ ከተጠበቀ። አንዱን ዓይነት ለሁለቱም ገበያ የሚያከፋፍል ነጋዴ በአንዱ መከሰሩ አይቀርም።

ተቃራኒውን የሚሉ

የዚህ ሐሳብ ተቃዋሚዎች አሉ። «ድሃው ገዢ ዛሬ ያለው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ውድ ካቴና ከሚገዛ ርካሹን እየቀያየረ ቢሠራ ምን አለበት?» ይላሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ገንዘብ በውድ ወለድ በሚገኝበት ቦታ ወጪን ወደፊት ማስተላለፍ ዋጋ አለው። ሞተሩን በጥቂት ወራት ሊሸጠው ያሰበ ሰውም በዚህ ስሌት ትክክል ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ክርክሩ ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ውድ ካቴና በመግዛት ሳይሆን ያለውን በማጽዳትና በመቀባት ነው፤ ያ ደግሞ የሚጠይቀው ጥቂት ብርና አሥር ደቂቃ ነው። ሁለተኛ፣ «እየቀያየሩ መሥራት» የሚቻለው የሚቀየረው ዕቃ በቅርብ ሲገኝ ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ታይቷል። መንገድ ሲዘጋ ርካሹም ውዱም ካቴና እኩል አይገኝም። ያን ጊዜ ዕድሜው ያላለቀ ካቴና የያዘ ሰው ብቻ ይሠራል።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የንግድ ትምህርት የሚከተለው ነው።

ሞተር ሻጩ የሞዴል ብዛት አያታልለው። አሥር ዓይነት ሞተር አንድ አንድ እያደረጉ ከመደርደር፣ የካቴናቸው ቁጥርና የኮሮናቸው አስተሳሰር የሚመሳሰል ሁለት ሦስት ዓይነት መርጦ በብዛት መያዝ ይሻላል። ያን ጊዜ አንድ ካርቶን ካቴና ለብዙ ደንበኛ ይበቃል። በመለዋወጫ የታሰረው ገንዘብም ቶሎ ይዞራል።

ትርፉ ያለው ከሽያጩ በኋላ መሆኑንም ይወቅ። ሞተር የሚሸጠው ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው፤ ካቴና፣ ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ ግን ሞተሩ በሕይወት እስካለ ድረስ ይሸጣሉ። በሳንጃ የመለዋወጫ መደብር ለመክፈት የሚያስብ ባለሀብት ክምችቱን ከመኸሩ በፊት፣ በነሐሴና በመስከረም ቢያስገባ ገንዘብ በገዢው እጅ በሚገባበት በጥቅምትና በኅዳር ሥራው ይቃናለታል።

ጥርስ ሲመርጥም ዳገቱን ያስላ። ለጎንደር የኋላው ኮሮና ይደግ እንጂ የፊቱ አይነስ። በተቻለ መጠንም የጥርሱ ቁጥር ጎደሎ ይሁን። የካቴና ቀለበት ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ፣ ጎደሎ ቁጥር ጥርስ ያለው ኮሮና አንዱን ጥርስ ከአንድ ቀለበት ጋር ደጋግሞ አያገናኝም፤ እልቂቱ ለሁሉም ይዳረሳል።

በመጨረሻም ሻጩ ዋስትናውን በወር ሳይሆን በኪሎ ሜትር ይስጥ፤ ከሽያጩም ጋር ማስመሪያና አንድ ጠርሙስ ዘይት አብሮ ያስረክብ። ወጪው ትንሽ ነው። ካቴናው የቆየለት ደንበኛ ግን የሚቀጥለውን ሞተር የት እንደሚገዛ አይጠፋውም።

የገዢው ድርሻ ከዚህ ይቀላል። «ስንት ሲሲ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ካቴናው ስንት ቁጥር ነው? ኮሮናው ስንት ጥርስ ነው? መለዋወጫው እዚሁ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ለሦስቱ መልስ የሌለው ሻጭ የሸጠው ሞተር በመጀመሪያው መኸር ሳይሆን በሁለተኛው ሂሳቡን ያቀርባል።